«ታጎ ማጎ»ን ጣና ዳር እንዴት ትሰሙታላችሁ? ከመሃል ጀምሩ

ጥር ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ደመና የሚባል ነገር የለም። ሳሎን ተቀምጬ ስፒከሩን ለቅቄዋለሁ። አንዱ ዘፈን በፍንዳታ አለቀና ቀጣዩ በነጎድጓድና በዝናብ ጀመረ። እናቴ ከማጀት እየሮጠች ወጣች።

«አንተ ልጅ፣ ቴሌቪዥኑን ንቀል! መብረቅ ነው!»

እስክነሳ አልጠበቀችኝም። ፍሪጁን ነቅላ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞራለች። «እማዬ፣ ሙዚቃ ነው እኮ» አልኳት። መጋረጃውን ገልጣ ሰማዩን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። «ይሄ ሙዚቃ ነው? እግዚኦ!» ፍሪጁን መልሳ ሰካች፣ የኔን ስፒከር ነቅላ ይዛው ሄደች።

አልበሙ «ታጎ ማጎ» ይባላል። ካን የሚባል የጀርመን ባንድ በ1971 ያወጣው የሙከራ ሮክ ነው፤ በኛ አቆጣጠር 1963 እና 64 ላይ መሆኑ ነው። እዚህ ባሕር ዳር ለስንት ሰው እንደላክሁት አላስታውስም። አብዛኛው አራተኛው ደቂቃ ላይ ያቆምና «ወንድሜ፣ ደህና ነህ ግን?» ብሎ ይጽፍልኛል። ደህና ነኝ። ሰዎቹም ጆሯቸው ደህና ነው። አገባባቸው ነው የተበላሸው። ይሄ ቤት በጓሮ በር ነው የሚገባው፣ እነሱ ደግሞ በዋናው በር ሄደው ውሻው ጮኸባቸው። እኔ በሩን እስካገኘው ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እናንተ በሳምንት ትጨርሱታላችሁ።

መጀመሪያ ፋይሉን አስተካክሉ። ትንሽ ነገር ትመስላለች ግን እኔን የጎዳችኝ እሷ ናት። አልበሙን መጀመሪያ ያገኘሁት ከአንድ ሙዚቃ ቤት በሚሞሪ አስጭኜ ነው። ስልኬ ደግሞ ዘፈኖቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ደረደራቸው። በፊደል ተራ ቀድሞ የሚመጣው «አውምግን» ነው፤ 17 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ሙሉ የሚያቃስት፣ የሚያጓራ፣ የሚንሿሿ ነገር። ሰውን ከአንድ ባንድ ጋር ለዘላለም ማቆራረጥ ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። በማግስቱ ሚሞሪውን ወስጄ ጥላሁንን አስጫንኩበት።

ትክክለኛው ተራ እንዲህ ነው፦ «ፔፐርሃውስ»፣ «መሽሩም»፣ «ኦ ዬ»፣ «ሃሌሉዋ»፣ «አውምግን»፣ «ፔኪንግ ኦ»፣ «ብሪንግ ሚ ኮፊ ኦር ቲ»። ሰባት ናቸው። በየስማቸው ፊት 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ ቁጥር ጻፉበትና ተገላገሉ። ሻፍሏን አጥፉ። ድምሩ 73 ደቂቃ ተኩል አካባቢ ነው፣ በዝቅተኛ ጥራት 70 ሜጋ ገደማ፣ በከፍተኛው ኤምፒስሪ 175 ሜጋ ገደማ ይወስዳል። ከፍተኛውን ውሰዱ፣ በሌሊት ጥቅል ይወርዳል። ኦንላይን እየከፈታችሁ አትስሙት። 12ኛው ደቂቃ ላይ ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ያ ሁሉ ሲገነባ የቆየው ነገር ይፈርሳል፤ በዚያ ላይ መሃል ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ይገባል።

ኤርፎናችሁ ደግሞ ሁለቱም ጆሮ የሚሠራ ይሁን። እየቀለድኩ አይደለም። እኔ ለወራት ቀኙ በሞተ ኤርፎን ነበር የምሰማው፣ አንድ ቀን የጓደኛዬን ተውሼ ስከፍተው ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የገባ መስሎኝ ዞርኩ።

ስለ ሰዎቹ ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል፣ ብዙ ግን አያስፈልግም። ኪቦርድ የሚጫወተው ኢርሚን ሽሚትና ቤዝ የሚጫወተው ሆልገር ሹካይ ካርልሃይንዝ ሽቶክሃውዘን ከሚባለው ከባድ የዘመናዊ ሙዚቃ ሊቅ ዘንድ የተማሩ ናቸው። ከበሮ መቺው ያኪ ሊበትሳይት ከፍሪ ጃዝ፣ ቋሚ ምት ሳይዙ እንደልብ ከሚጫወቱት ጃዝ፣ የመጣ ነው። ሦስቱም ያኔ ሠላሳዎቹን ጀምረዋል። ጊታሪስቱ ሚካኤል ካሮሊ ከነሱ አሥር ዓመት ያንሳል፣ ሹካይ መምህሩ ነበር። ይሄን የምነግራችሁ አንድ ጓደኛዬ «መጫወት የማይችሉ ጎረምሶች ናቸው» ስላለኝ ነው። ይችላሉ። አውቀው ነው የተዉት።

ድምፃዊው ዳሞ ሱዙኪ ጃፓናዊ ነው። እንዴት እንዳገኙት ስሙ። 1970 ላይ፣ በግንቦት፣ ሹካይና ያኪ ሙኒክ ውስጥ ካፌ ደጅ ተቀምጠዋል። አንድ ፀጉሩ የረዘመ ወጣት መንገድ ላይ ለብቻው እየጮኸ ይዘፍናል። ዛሬ ማታ ኮንሰርት አለን፣ ትዘፍናለህ ወይ አሉት። እሺ አለ። ልምምድ የለ፣ ግጥም የለ፣ በዚያው ማታ መድረክ ላይ ወጣ። አስቡት እስቲ፣ መናኸሪያው በር ላይ ለብቻው ሲያንጎራጉር ያያችሁትን ልጅ የዚያኑ ዕለት ማታ ሙሉዓለም አዳራሽ መድረክ ላይ ስታወጡት!

የቀረጹት ኮሎኝ አጠገብ፣ ኖርፌኒሽ በሚባል ቦታ፣ አንድ የቆየ ግንብ ውስጥ ነው። ባለቤቱ የሥዕል ወዳጅ ነበር፣ ያለ ኪራይ ሰጣቸው። መሣሪያቸው ባለ ሁለት ትራክ ቴፕ ብቻ። ረጅም ሰዓት ይጫወታሉ፣ ከዚያ ሹካይ ቴፑን በምላጭ እየቆረጠ፣ ጥሩ ጥሩውን እየቀጠለ ዘፈን ያወጣለታል። ያኔ በኛ አገር አምሃ ሪከርድስ ከተነሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ የኛዎቹ ዘፈኖች በትንሿ ሸክላ ላይ በሦስት በአራት ደቂቃ ነገራቸውን ጨርሰው ይቀመጣሉ። የነዚህ አንዱ ዘፈን የትልቁን ሸክላ አንድ ሙሉ ገጽ ይበላል። የጓሮ በር ያልኳችሁም እሱ ነው።

«ሃሌሉዋ» ይባላል። (መዝሙር አይደለም፣ ስሙን አይታ ለእህቷ የላከች ልጅ አውቃለሁ።) 18 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ነው፣ ከበሮው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነገር እየደጋገመ ይሄዳል። ቁጭ ብላችሁ አትስሙት። ልመናዬ ይሄ ብቻ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ግድ የለም። ጫማችሁን አድርጉና ውጡ። እኔ ከጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን ጀርባ፣ ከወደቡ አካባቢ እነሳና በሐይቁ ዳር ባለው የእግር መንገድ እሄዳለሁ። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ጥሩ ነው፤ ፀሐይዋ ገና ከአባይ በኩል ብቅ ስትል፣ ታንኳ ቀዛፊዎቹ እንጨት ጭነው ሲገቡ። እግራችሁን ከከበሮው ጋር ለማስማማት አትሞክሩ፣ ዝም ብላችሁ ሂዱ። ሦስተኛው አራተኛው ደቂቃ ላይ ራሱ ይስማማል። መቼ እንደተስማማ አታውቁትም፣ ድንገት ስታዩት ነው።

ማኅሌት ያደረ ሰው ይሄ ነገር አይከብደውም። ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉኝና፣ ዝማሜው በመቋሚያ ብቻ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ከበሮው ይገባል፣ መረግዱ ይመጣል፣ ወደ ጽፋቱ ሲደርስ እንቅልፍህ የት እንደገባ አታውቅም። እየደጋገሙ መክረም ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ግን ይሄ ነው፤ የኛ ይፈጥናል፣ ያኪ አይፈጥንም። ጆሯችን ድግግሞሽ ሲሰማ «አሁን ይፈጥናል፣ አሁን ይሞቃል» ብሎ ይጠብቃል፣ ሲቀርበት ይናደዳል። ብዙ ሰው «ሰለቸኝ» የሚለው እዚህ ጋ ነው፤ እኔ ግን መሰልቸት አይመስለኝም፣ የተቀጠረበት ሰው ሲቀር የሚሰማው ነው። አይመጣም። መጠበቃችሁን ተዉት። ያኪ ራሱ ሲያወራው የኖረ ታሪክ አለ፤ ፍሪ ጃዝ እየመታ በነበረበት ዘመን አንድ የማያውቀው ሰው መጥቶ ወጥ በሆነ መንገድ፣ አንድ ነገር እየደጋገምክ ነው መምታት ያለብህ አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እሱ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ መታ።

ሦስት ቀን ሂዱበት። አንደኛው ቀን ከበሮውን ብቻ። ያኪ የሚደጋግም ይመስላል እንጂ እጁ ውስጥ ትንንሽ ነገር ይቀያየራል፤ ወፍጮ ቤት አጠገብ ያደገ ሰው እህሉ ከጤፍ ወደ በቆሎ ሲቀየር በድምፁ እንደሚያውቀው ማለት ነው። ሁለተኛው ቀን ሹካይን፣ ቤዙን። ምን ያህል ጥቂት እንደሚጫወት ቁጠሩ። ሁለት ሦስት ኖታ ይጥልና ዝም ይላል፣ ዝም ያለበት ቦታ ደግሞ ባዶ አይመስልም፣ እዚያ ጋ ከበሮው ተዘርግቶ ይተኛበታል። እኔ ይሄን ከሰማሁ በኋላ ሠርግ ላይ የሚጫወቱ ቤዚስቶችን በሰላም መስማት አቅቶኛል። ሦስተኛው ቀን ጊታርና ኪቦርድ፤ እነሱ እየገቡ እየወጡ፣ አንዴ ከሩቅ አንዴ ጆሮ ሥር ናቸው፣ ብዙ አላብራራውም።

ዳሞንስ? ዳሞን ተዉት። ግጥሙን ልተርጉም ብላችሁ እንዳትደክሙ። ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ጥቂቱ ጃፓንኛ፣ የቀረው የየትም አገር አይደለም። እኛ ደግሞ ሰምና ወርቅ ስንፈታ ያደግን ሰዎች ስለሆንን አንድ ቃል ሰምተን መቆፈር እንጀምራለን። ወርቁን አትፈልጉ፣ ሰሙም የለም። አንዲት ነገር ግን አለች፤ «ሃሌሉዋ» መሃል ላይ የሌሎቹን የአልበሙን ዘፈኖች ስም ይጠራል። መሽሩምን፣ ኦ ዬን፣ ፔፐርሃውስን። እሷን ያገኘሁ ዕለት መንገድ ላይ ብቻዬን ስቄ አንዲት ጎመን የያዙ እናት በስመ አብ ብለው አለፉኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ማለዳና ቀን ይሁን እንጂ በሁለት ኤርፎን ማታ ማታ ሐይቁ ዳር አትሂዱ፣ በተለይ አባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል። ባጃጁን ተዉትና ጉማሬ አለ። ሲመሽ ሣር ፍለጋ ወደ ዳር ይወጣል፣ ሙዚቃ እየሰማ ነው ብሎ አያልፍም።

«ሃሌሉዋ» እግራችሁ ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። አሁን ዋናው በር ክፍት ነው። «ፔፐርሃውስ» በዝግታ እየተወዛወዘ ይጀምርና ሳታስቡት ይገሰግሳል፣ ከዚያ ፋታ ሳይሰጥ «መሽሩም» ይቀጥላል። «መሽሩም» አራት ደቂቃ ብቻ ናት፣ ለሰው መጀመሪያ የምልከው እሷን ነበር፣ አሁን ግን ተውኩት፤ ሰዎች አልበሙ ሁሉ እንደሷ መስሏቸው ይናደዳሉ። በፍንዳታ ታልቅና እናቴን ያስሮጣት ዝናብ ይመጣል። «ኦ ዬ»ን ክረምት ላይ፣ ሐምሌ አካባቢ ስሙት። ቆርቆሮው ላይ እውነተኛው ዝናብ ሲጀምር ክፈቱት፣ የትኛው የማን እንደሆነ ይጠፋባችኋል። (ሲበረታ ግን ቆርቆሮው ያሸንፋል፣ ቆም አድርጉት።) ዳሞ መጀመሪያ የሚለው ነገር የማይገባችሁ ጃፓንኛ ስለሆነ አይደለም፤ ድምፁ ወደ ኋላ ተገልብጦ ነው የገባው። ትንሽ ቆይቶ ይቃናል፣ ከዚያ እውነተኛው ጃፓንኛ ይመጣል። ባልገባኝ ቋንቋ ሦስት ዓይነት አለመግባት እንዳለ ያወቅሁት ከዚህ ዘፈን ነው።

«አውምግን»ን ለብቻው አቆዩት የምላችሁ ስለማልወደው አይደለም። አሁን እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ የምመለስበት እሱ ነው። ግን ቀጠሮ ይፈልጋል። መብራት የጠፋበት ማታ ጠብቁ። እኛ ሰፈር ብዙ አትጠብቁም። ስልኩ ቻርጅ ካለው አልጋ ላይ ጋደም ብላችሁ ድምፁን ቀነስ አድርጋችሁ ክፈቱት። የሚያቃስተው ድምፅ የሽሚት ነው፣ ዳሞ አይደለም። ሹካይ ሰዎቹ እየቀረጽን ነው ብለው ባላሰቡበት ሰዓት ሁሉ ቴፕ ይለቅ ነበር፤ እዚህ ዘፈን ውስጥ ሳያስቡት ወደ ክፍሉ የገባ ሕፃን ሲጮህ ይሰማል፣ ውሻም አለ። እኛ ጋ ደግሞ በመስኮት የሰፈሩ ውሾች ይገቡበታል። አንድ ማታ የነሱ ውሻና የኛ ውሾች ሲመላለሱ ሰምቼ፣ የጀርመኑ ውሻ ከሞተ ስንት ዓመቱ ነው ብዬ አሰብኩና ኤርፎኑን አውልቄ ትንሽ ቁጭ አልኩ። መጨረሻ አካባቢ ከበሮው እብድ ሆኖ ይመጣል፣ እስከዚያ ከታገሳችሁ ይገባችኋል። ካልታገሳችሁም እኔ ልጣላችሁ አልችልም፣ እናቴ ዛሬም «የጠንቋይ ቤት» ነው የምትለው።

እነዚህ ሁሉ እንግዳ ነገሮች አልበሙ ውስጥ የገቡት፣ የሽሚት ሚስትና የባንዱ ማናጀር የሆነችው ሂልደጋርድ ባለ ሁለት ሸክላ ይሁን ብላ ስለገፋች ነው። አለበለዚያ የሚወጣው «ቆንጆው» ግማሽ ብቻ ነበር። እኔ በበኩሌ አመሰግናታለሁ፣ «ፔኪንግ ኦ»ን ግን ብታስቀረውም አልቀየማትም ነበር። 11 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ፤ የሪትም ማሽኑ ይከንፋል፣ ዳሞ ይለፈልፋል፣ ሰው ሁሉ ይሯሯጣል። አሁንም አልወደድኩትም፣ እንደወደድኩ አላስመስልም። ግን ጥሩ ሥራ አግኝቼለታለሁ። ቡና ማፍያ ነው።

ምክንያቱም የመጨረሻው ዘፈን ርዕስ «ቡና ወይ ሻይ አምጡልኝ» ማለት ነው። ስድስት ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ እሱ ሲጀምር ብትነሱ ጀበናው ሳይፈላ አልቆ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ቡናው ቀድሞ ይቆላ፣ ይወቀጥ። «ፔኪንግ ኦ» ሲጀምር ጀበናውን እሳት ላይ ጣዱ። ያ ሁሉ ልፍለፋ ሲያልቅ ቡናው ገንፈል ገንፈል እያለ ነው፣ ታወርዱታላችሁ፣ እስኪሰክን ዘፈኑ ቀስ ብሎ ይገባል፣ አቦሉ ሲቀዳ ጊታሩ ገና እየተጠማዘዘ ነው። ቡናው የዘጌ ቢሆን ደስ ይለኛል። ዘጌ ቡናው ከዋንዛው ሥር ነው የሚበቅለው፣ ጥላ ያለበት ቡና ነው፣ ለዚህ ዘፈን ልክ እንደሱ ያለ ጥላ ያስፈልገዋል። በነገራችን ላይ «ታጎማጎ» ኢቢዛ አጠገብ ያለች የአንዲት ትንሽ ደሴት ስም ነው። ባንዱ ከዚያ ነው የወሰደው። እኛ ጣና ላይ 37 ደሴት ይዘን አንዷን እንኳ በአልበም ርዕስነት አልተጠቀምንባትም።

ዳሞ በፈረንጆቹ 2024፣ የካቲት ላይ አረፈ። ያኪና ሹካይ በ2017፣ ካሮሊ ደግሞ በ2001 ቀድመውታል። ዜናውን ያየሁ ቀን ቡና አፈላን፣ እኔ ነኝ ያስፈላሁት። ስፒከሩ ተመልሶልኛል፣ በአነስተኛ ድምፅ ብቻ በሚል ስምምነት። የመጨረሻው ዘፈን ሲገባ እናቴ ረከቦቱ ላይ ጎንበስ ብላ እየቀዳች ነበር።

«ይሄኛው ደግሞ ምንድን ነው የሚለው?» አለች ሳታየኝ።

«ቡና ወይ ሻይ አምጡልኝ ነው የሚለው እማዬ።»

እጇ ቆም አለ። ትንሽ አዳመጠችና «ይሄስ ሰው ነው» አለች። «ቡና ይምጣለት የሚል ጠፍቶ ነው እንዲህ ያደረገው?»

ሲኒዎቹን ቆጠረች፣ አንድ ጨመረች።